አሥራ ሰባተኛው ግድግዳ

ዙልማ ፌሬይሮ ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቃት ሰው «ግድግዳ አለብሳለሁ» ትል ነበር። ሰው ይስቃል፤ እሷ ግን እየቀለደች አልነበረም። በሮዛሪዮ ከተማ፣ ከወንዙ ሦስት መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ የኢንጂነሮች ቢሮ ውስጥ፣ ሌሎች ለክተውና ፎቶ አንስተው ያመጡትን ሕንፃ በኮምፒውተር ላይ መልሳ ታቆማለች። መጀመሪያ የሚቆመው ሕንፃ ራቁቱን ነው፤ ግድግዳው፣ ወለሉ፣ ጣሪያው ሁሉ አንድ ዓይነት አመድማ። ከዚያ እያንዳንዱን አካል በተራ እየነካች ከምን እንደተሠራ ትነግረዋለች፤ ይኼ ድፍን ጡብ፣ ይኼ ቀዳዳ ጡብ፣ ያ ኮንክሪት፣ ያ ደግሞ እንጨት። ፕሮግራሙ የነገረችውን ሳይጠራጠር ይቀበላል። ክብደቱን ያሰላል፣ ቀለሙን ይቀይራል። በመጨረሻ የሚመጣው ማዘጋጃ ቤት የሚያነበው ቀለም ነው፤ ባለበት የሚቆየው ጥቁር፣ አዲስ የሚገነባው ቀይ፣ የሚፈርሰው ቢጫ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ ቆይታለች። ኢንጂነር አይደለችም፤ ፊርማዋ ዋጋ የለውም። በንድፉ ግርጌ ጥግ ላይ «ነዳፊ፦ ዙ. ፌሬይሮ» የምትል ከጉንዳን የማትበልጥ ጽሑፍ ብቻ ነበረቻት።

ቤት የሚጠብቋት አባቷ ናቸው። አንሴልሞ ፌሬይሮ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲገነቡና ሲለስኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሲሚንቶው ሳንባቸውን በልቶት በሰባ ስምንት ዓመታቸው ከኦክስጅን ማሽን ጋር በቱቦ ታስረው ቀርተዋል። የሚኖሩት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሕንፃው አሳንሰር አሮጌ፣ ተጣጣፊ የብረት መዝጊያ ያለው ነው፤ ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲያኮርፍ ሳምንት ይቆማል። ስለዚህ ሽማግሌው መንገድ ከረገጡ ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው። ማሽኑ የተገኘው በዙልማ መሥሪያ ቤት የጤና መድን ነው። ሥራው ከቀረ ማሽኑም ይቀራል። ይህን በቤቱ ውስጥ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም፤ ነገር ግን ማሽኑ ጥግ ላይ ሆኖ ሲተነፍስ፣ ዙልማ ጠዋት ጠዋት የምትሰማው «አርፍደሽ እንዳትገቢ» የሚል ድምፅ ነው።

በጥር ወር፣ አስፋልቱ በሙቀት ሲልመጠመጥ በሰነበተበት ሳምንት፣ አለቃዋ ኢንጂነር ሉስካርዲ አዲስ ሥራ ሰጣት። ስድስት ዓመት ተዘግቶ የኖረ የጨርቅ መደብር ተሸጧል፤ አዲሱ ባለቤት የስፖርት አዳራሽ ሊያደርገው ይፈልጋል፤ የመሃል ግድግዳዎቹ ይነሳሉ። ዙልማ ፋይሉን ከፍታ አድራሻውን አነበበች። ደግማ አነበበች። የራሷ መንገድ ነው፤ የራሷ በር ቁጥር። መደብሩ እሷና አባቷ የሚኖሩበት ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት ነበር።

«ኢንጂነር፣ ይኼ እኮ የኛ ቤት ነው» አለችው።

«አውቃለሁ። ለዚህም ነው ላንቺ የሰጠሁት። ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ» አለ ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻይ በብረት ቀሰሙ እየሳበ። «ግን የቢሮ ነገር ከቢሮ አይወጣም። የፈረምሽውን ታስታውሻለሽ አይደል?»

ታስታውሳለች። ሁሉም ሠራተኛ ሲቀጠር የሚፈርማት የምስጢር ወረቀት ናት።

ከፋይሉ ጋር የሠላሳ አንድ ግድግዳ ዝርዝር ነበረ፤ የእያንዳንዱ ቁጥር፣ ማቴሪያሉና ዕጣ ፈንታው። ዙልማ ከአንድ ጀምራ እያለበሰች ወረደች። አሥራ ሰባት ላይ እጇ ቆመ። «ቀዳዳ ጡብ፤ ክፍልፋይ፤ የሚፈርስ» ይላል ዝርዝሩ። ልኬቱ ግን አርባ ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው። ክፍልፋይ ግድግዳ አርባ ሁለት ሴንቲ አይወፍርም። በሁለቱም ወገን በጂፕሰም ቦርድ ተሸፍኖ ስለነበር በፎቶው ላይ ጡቡ አይታይም። ቦታውን ስታሰላው ደግሞ፣ ግድግዳው ወደ ላይ ቢቀጥል የሚወጣው በእነሱ ወጥ ቤት፣ ምድጃው በተደገፈበት በኩል ነው።

ከሥራ ስትመለስ ገና ፀሐይ ነበረች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወጥ ቤት ገብታ ግድግዳውን በበሩ ክፈፍ በኩል ለካችው። አባቷ ቱቧቸውን እየጎተቱ መጡ።

«ምን ጠፋብሽ?»

«አባዬ፣ ይኼ ግድግዳ ምንድን ነው?»

ሽማግሌው በጣታቸው አጥንት አንድ ጊዜ አንኳኩ። «ይኼማ የታወቀ ነው። አንቺ ሳትወለጂ እርጥበት በልቶት ልስኑን አራግፌ ያየሁት እኔ ነኝ። ድፍን ጡብ ነው፤ ወንድ የገነባው! ከመሠረት እስከ ጣሪያ አንድ ወጥ። ሕንፃው የተቀመጠው በሱ ጫንቃ ላይ ነው።» ቆም ብለው ተነፈሱ። «ለምን ጠየቅሽኝ?»

«መደርደሪያ ልሰቅልበት።»

«እንግዲያው ጥሩ ምስማር ግዢ። ያሁኑ ምስማር ይኼን አይደፍረውም።»

በማግስቱ ቢሮ እንደገባች አሥራ ሰባተኛውን ግድግዳ ድፍን ጡብ ብላ ሰየመችው፤ ተሸካሚ፣ የማይነካ። በስክሪኑ ላይ ጠቆረ። ደስ አላት፤ ሥራዋን ሠርታለች። ሻይ ሳታፈላ ሉስካርዲ ጠራትና በሩን ዘጋ።

«አሥራ ሰባትን ለምን ነካሽው?»

«ዝርዝሩ ተሳስቷል፣ ኢንጂነር። ተሸካሚ ነው። እኛ ቤት ድረስ ይዘልቃል፤ አባቴ ውስጡን አይተውታል።»

«አባትሽ ኢንጂነር ናቸው?»

«ግንበኛ ናቸው።»

«አየሽ።» ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ። ድምፁን አላነሳም፤ ሉስካርዲ ድምፁን አንስቶ አያውቅም። «ያንን ግድግዳ ጥቁር ካደረግሽው ምን እንደሚከተል ልንገርሽ። የብረት ቢም ይገባል፣ ኮለን ይቆማል። ሕንፃው ላይ ያለው ዘጠኙም ቤተሰብ ሦስት ወር ቤቱን ይለቃል። ከዚያ በፊት ደግሞ ዘጠኙም ተስማምተናል ብለው ይፈርማሉ። ያቺ ኮሚቴዋ፣ ማን ነበር ስሟ...»

«ዶኛ ኦፌሊያ።»

«ዶኛ ኦፌሊያ የምትፈርም ይመስልሻል? ባለቤቱ ደግሞ መጋቢት ላይ በሩን ሊከፍት ነው። አሮጌ ሕንፃ ጭነቱን ተካፍሎ ይይዛል፤ አትፍሪ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አንድም አልወደቀብኝም።»

«ልኬቱ እኮ አርባ ሁለት...»

«ጂፕሰሙ ነው ያወፈረው።» ከዚያ ፈገግ አለ፤ እጁንም ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ። «አባትሽ ግን እንዴት ናቸው? ማሽኑ በደንብ ይሠራል?»

«ደህና ናቸው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይጠብቅልሽ።»

ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ለአንድ ሰዓት ያህል ሌላ ሌላ ነገር ስትነካካ ቆየች፤ የመስኮት ክፈፍ ቀለም፣ የመታጠቢያ ቤት ንጣፍ። ከዚያ አሥራ ሰባትን ነካችው። የማቴሪያሉ ዝርዝር ተዘረጋላት። ድፍን ጡብ ከሚለው አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ቀዳዳ ጡብ የሚለው ነበር፤ አንድ መስመር ብቻ። መረጠችው። ተሸካሚ የሚለውን አነሳች፤ የሚፈርስ የሚለውን አደረገች። ግድግዳው ቢጫ ሆነ። ወዲያው ፕሮግራሙ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ሶሌታ ቁጥር ስምንት፣ ማለትም ከግድግዳው በላይ ያለው የኮንክሪት ወለል፣ በምንም አልተደገፈም ይላል። ከጽሑፉ ሥር «ይህን ዳግመኛ አታሳይ» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። ዙልማ ሳጥኗ ላይ ምልክት አደረገች። ማስጠንቀቂያው ጠፋ። በግድግዳው መዝገብ ላይ የቀረው የሷ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ ነው፤ የሉስካርዲ ስም የትም የለም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ለራሷ የምትነግረው ነገር ነበራት፤ ማዘጋጃ ቤት ያየዋል፣ አንድ ዓይኑ የሰላ ሰው አርባ ሁለቱን ሴንቲ ሜትር አይቶ ይመልሰዋል፤ እኔ ምን አገባኝ። ደረጃ ላይ ዶኛ ኦፌሊያን ስታገኛት ግን ቶሎ ልታልፋት ትሞክር ነበር። ዶኛ ኦፌሊያ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር ጡረተኛ አስተማሪ ናት፤ የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆና ሃያ ዓመት ማንም ወንበሯን አልነካባትም።

«አንቺ ልጅ፣ ምድር ቤቱን ማን እንደገዛው ሰምተሻል?» አለቻት አንድ ቀን የገበያ ዘንቢሏን ደረጃው ላይ አስቀምጣ።

«አልሰማሁም፣ ዶኛ ኦፌሊያ።»

«የግንባታ ቢሮ ውስጥ እየሠራሽ? ምን ልታደርጊ ነው ታዲያ እዚያ የምትውዪው፣ ዝንብ ልታባርሪ?»

ዙልማ ሳቀች። ሳቋ ለራሷም የሌላ ሰው መሰላት። ዘንቢሉን እስከ ሦስተኛ ፎቅ ተሸከመችላትና ወረደች፤ ማታ እራት አልበላም አለች።

የካቲት በገባ በሁለተኛው ሰኞ ምድር ቤት ሠራተኞች ገቡ። ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ፈቃድ አልነበረም፤ ማመልከቻው ገና ወረፋ ላይ ነበረ። ባለቤቱ ቸኩሏል፣ ሉስካርዲም «ቀላል ሥራ ነው፣ ጀምሩ» ብሏል። ዙልማ ይህን የሰማችው ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ የመደብሩን መዝጊያ ክፍት ሆኖ ስታየው ነው። ያመነችበት ሰው፣ ያ ዓይኑ የሰላው፣ ንድፉን ገና አላየውም ማለት ነው። ለሉስካርዲ ልትነግረው ቢሮው ደጃፍ ድረስ ሄደች። በሩ ተዘግቶ ነበር። ቆማ ቆማ ተመለሰች።

ሐሙስ ዕለት ሙቀቱ ጠንቶ የከተማው ግማሽ መብራት ጠፋ። ቢሮው ጨለመ፤ ሰው ሁሉ በስድስት ሰዓት ወደየቤቱ ተበተነ። ዙልማ ሮጠች። መብራት ከሌለ ማሽኑ አይሠራም፤ አባቷ መጠባበቂያው ሲሊንደር ላይ ናቸው፣ እሱ ደግሞ የአራት ሰዓት ዕድሜ ቢኖረው ነው። አሳንሰሩ ቆሟል። ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ ወጥታ ገባች፤ በሩን ከኋላዋ ስትዘጋው ከወትሮው ከበዳት፤ በትከሻዋ ገፍታ ዘጋችው።

አባቷ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሲሊንደሩን በእግራቸው መሃል አድርገው፣ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈዋል። ከታች መዶሻ ይመታል።

«ምንድን ነው የሚያፈርሱት?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ክፍልፋይ ነው፣ አባዬ።»

«አይደለም። ዝም ብለሽ ስሚ።» መታ፤ ዝም አለ፤ መታ። «ቀዳዳ ጡብ ሲመታ እንደ ከበሮ ነው የሚጮኸው። ይኼ እንደ ሰው ደረት ነው፤ ሰማሽ? ይኼን ግድግዳ ነው የሚያፈርሱት። ይኼንኑ!» ግድግዳውን በመዳፋቸው መቱ። «ማነው ያዘዛቸው? የትኛው ዕውር ነው?»

ዙልማ ብትዋሽ ትችል ነበር፤ ሳምንታት ሙሉ ስትዋሽ ከርማለች። ግን መዶሻው በመታ ቁጥር ምድጃው ላይ ያለው ድስት ክዳን ይንቀጫቀጭ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምን?»

«ንድፉን የሠራሁት እኔ ነኝ። ቀዳዳ ጡብ ነው ብዬ ቢጫ አደረግኩት። እያወቅኩ ነው፣ አባዬ።»

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩዋት። ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ የመጣው ግን ሌላ ድምፅ ነው፤ ከግድግዳው ውስጥ፣ ደረቅ እንጨት እንደመሰንጠቅ ያለ። ከወጥ ቤቱ በር ጥግ ተነስቶ ወደ ጣሪያው የሚሄድ መስመር ፊታቸው ተዘረጋ። ነጭ ብናኝ ትከሻቸው ላይ ወረደ። የመስኮቱ መስታወት ጧ ብሎ ተሰነጠቀ።

«ውጪ! ወርደሽ አስቁሚያቸው!»

ዙልማ ወደ በሩ በረረች። ቁልፉን አዞረች፣ ጎተተች። አልተነቃነቀም። ሁለት እጇን እጀታው ላይ አድርጋ፣ እግሯን ከግድግዳው አስደግፋ ሳበች፤ እጀታው ተነቅሎ በእጇ ቀረ። ክፈፉ ከላይ ተጭኖት በሩን እንደ ጥርስ ነክሶታል። በጡጫ ደበደበችው። ደረጃው ላይ ማንም አልነበረም።

«ተይው!» አሉ አባቷ። «ቤቱ ተቀምጦበታል፤ አይከፈትም። ወደ በረንዳው!»

በረንዳው ወደ መንገዱ ነው። ዙልማ በበረንዳው መደገፊያ ላይ እስከ ወገቧ ተንጠልጥላ ጮኸች። ከታች መዶሻው ድምፅዋን ዋጠው። የአበባ ማሰሮ አንስታ አስፋልቱ ላይ ወረወረች። ሌላ ደገመች። በሦስተኛው የሠራተኞቹ ፎርማን፣ ሬሚሂዮ የሚሉት ራሱን በፎጣ የጠቀለለ ሰው፣ ወደ ላይ እያየ ወጣ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አበድሽ እንዴ? ሰው ልትገድዪ ነው?»

«አቁሙ! ተሸካሚ ነው! ግድግዳው ተሸካሚ ነው!»

«ንድፉ ላይ ቢጫ ነው፣ እመቤቴ! እኔ ቀለሙን ነው የማየው!»

«ቢጫ ያደረግኩት እኔ ነኝ!» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ግርጌውን እየው! ነዳፊ የሚለውን አንብብ! ዙልማ ፌሬይሮ እኔ ነኝ! ውሸት ነው የጻፍኩት! በራችን ተነክሷል፣ መውጣት አልቻልንም፣ አባቴ እዚህ ናቸው!»

መንገዱ ጸጥ አለ። ማዶ ያለው ዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ የተሰለፉት ሰዎች ቀና አሉ። ከራሷ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ አንድ መዝጊያ ሲከፈት ሰማች፤ ቀና ስትል የዶኛ ኦፌሊያን ፊት አየች። ሁሉንም ሰምታለች።

ሬሚሂዮ ገባ። መዶሻው ቆመ። ከዚያ ሠራተኞቹ እየተገፋፉ ወጡ፤ እሱ መጨረሻ ላይ ወጣ፣ ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል። «ግማሹ ሄዷል» አለ ለማንም ሳይሆን። ወዲያው ጮክ ብሎ ማዘዝ ጀመረ፤ ሁለቱን የድጋፍ ብረት እንዲያመጡ፣ አንዱን እሳት አደጋ እንዲጠራ፣ ሌላውን ደረጃ ለደረጃ እየሮጠ ነዋሪውን እንዲያስወጣ። ከሁለት ሰዎች ጋር ተመልሶ ገባና ሶሌታው ሥር ብረት ማቆም ያዘ።

ዙልማና አባቷ የሚወጡበት መንገድ አልነበረም። ሽማግሌው ሲሊንደራቸውን እየጎተቱ መጥተው በረንዳው በር ጥግ ላይ ቆሙ፤ እሷንም በክርኗ ስበው አጠገባቸው አቆሟት። «ከክፍሉ መሃል ራቂ። ወለሉ ቢሄድ ከመሃል ነው የሚሄደው። ይኼ የፊቱ ግድግዳ ራሱን የቻለ ነው።» ሥራ ላይ እንዳሉ ያህል ረጋ ብለው ነበር የሚናገሩት። የሲሊንደሩ መርፌ ከግማሽ በታች ወርዷል። ከወጥ ቤቱ አልፎ አልፎ የሚወድቅ ልስን ድምፅ ይመጣል፤ በመጣ ቁጥር ዙልማ ዓይኗን ትጨፍናለች።

«ለምንድን ነው ያደረግሽው?» አሉ።

«ስለ ማሽኑ ጠየቀኝ። በደንብ ይሠራል ወይ አለኝ።»

«እና?»

«ሌላ ምንም አላለም።»

አንሴልሞ ገባቸው። ጥርሳቸውን ነከሱ። «ዘጠኝ ቤት ሙሉ ሰው ለኔ ለአንድ ሳንባ» አሉ። «እኔን ጠይቀሽኝ ቢሆን ምን እንደምልሽ ታውቂ ነበር። ለዚህ ነው ያልጠየቅሽኝ።»

እውነት ነበር።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ በአርባ ደቂቃ ደረሱ። መሰላላቸውን በረንዳው ላይ አስደግፈው፣ ሽማግሌውን እንደ ሕፃን በቀበቶ ወንበር አስረው፣ ሲሊንደሩን ደረታቸው ላይ አቅፈው አወረዷቸው። አንሴልሞ ሁለት ዓመት ያልረገጡትን መንገድ በዚያ ሁኔታ ረገጡት፤ ዳቦ ቤቱ ጥላ ሥር አስቀምጠው አዲስ ሲሊንደር ገጠሙላቸው። ከሕንፃው ሃያ ሦስት ሰው ወጣ። አንዲት ሴት ከነነጠላ ጫማዋ፣ አንድ ሰውዬ ድመት አቅፎ። ማንም አልተጎዳም።

ዙልማ በመሰላሉ ስትወርድ ዶኛ ኦፌሊያ ከታች ቆማ ጠበቀቻት። ትመታኛለች ብላ አስባ ነበር።

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» አለቻት ዶኛ ኦፌሊያ። «ዘንቢሌን ተሸክመሽልኝ ነበር። ያን ዕለትም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሴትዮዋ ፊቷን አዞረች።

እዚያው ሳሉ ስልኳ ጮኸ። ሉስካርዲ ነበር። «ለማንም ምንም እንዳትናገሪ፤ መዝገቡ ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው፤ አርፈሽ ተቀመጪ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» አለ። ዙልማ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች አባቷን አየቻቸው። «ተናግሬያለሁ፣ ኢንጂነር። መንገዱ ሙሉ ሰምቶኛል» አለችና ዘጋችው።

ከሥራ ያባረራት ደብዳቤ በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ምክንያቱ የምስጢር ወረቀቱን መጣስ ይላል። ጉዳዩን የያዘው መርማሪ ፊት ቀርባ ያደረገችውን ሁሉ ተናገረች። ትዕዛዙ ግን በአፍ የተሰጠ ነው፤ ሉስካርዲ በበኩሉ ነዳፊዋ ተሳስታ እሱ ሳያስተውል እንደፈረመ ተናግሯል። መዝገቡ የሚያሳየው ጠዋት ጥቁር እንዳደረገችው፣ ረፈድ ሲል ቢጫ እንዳደረገችው ብቻ ነው። ለምን እንደቀየረችው ኮምፒውተሩ አይጠይቅም። ለሁለት ሳምንት ጥፋቱ በሙሉ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ከረመ። ከዚያ ሬሚሂዮ መጣ። ሥራው በተጀመረ በሁለተኛው ቀን ጂፕሰሙ ተነስቶ ድፍን ጡብ ሲያይ ለሉስካርዲ የድምፅ መልእክት ልኮ ነበር፤ መልሱንም አላጠፋውም። «ድፍንም ይሁን ቀዳዳ፣ ቢጫ ነው፤ አፍርስ» ይላል የሉስካርዲ ድምፅ፣ እንደ ወትሮው ረጋ ብሎ። ሬሚሂዮ መርማሪው ደጃፍ ላይ ዙልማን ሲያገኛት ዓይኗን ማየት አልቻለም። «እኔም አራት ልጅ አለኝ» አላት። ምን ማለቱ እንደሆነ ከማንም በላይ ገባት።

ክሱ በሉስካርዲ ላይ ተመሠረተ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቀጠሮ ይሰጠዋል። ዙልማም ከነገሩ አልወጣችም፤ በየቀጠሮው ትጠራለች፤ ከከተማ ለመውጣት ማስፈቀድ አለባት። ነዋሪዎቹ በሰፈሩ ትምህርት ቤት አዳራሽ ተሰብስበው እሷንም ይክሰሱ እንደሆነ ድምፅ ሰጡ። አምስት ቤት አትከሰስ አለ፣ ሦስት ትከሰስ፤ የፌሬይሮዎች ድምፅ አልተቆጠረም። ዶኛ ኦፌሊያ በየትኛው ወገን እንደነበረች ዙልማ አልጠየቀችም።

አሁን አባትና ልጅ ከከተማው ዳር እህቷ ማቤል ቤት፣ መኪና ማቆሚያ በነበረች አንድ ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። የአባቷ ማሽን ከሕዝብ ሆስፒታል የመጣ ነው፤ ከበፊቱ ይልቅ ይጮኻል፣ ግን ይሠራል። አንሴልሞ ለብዙ ቀን ለዙልማ ቃል አልተነፈሱም። ዝምታቸው የተሰበረው ጎረቤት አጥር ሲያቆም አይተው «ያ ሰውዬ ውሃ ልክ የሚባል ነገር አያውቅም እንዴ?» ሲሉ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ አጥሩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ምግቡ ያወራሉ። ስለ ግድግዳው ግን አያወሩም። የዙልማን ስም የሰማ የግንባታ ቢሮ አይቀጥራትም፤ በማቤል ባል ዳቦ ቤት ጠዋት ጠዋት ትሸጣለች። ክፍሏ መስኮት የላትም። ግን ሌላ የምትሄድበት የለም።

ሚያዝያ ላይ ለያንዳንዱ ቤተሰብ ከታሸገው ሕንፃ ዕቃ የሚያወጣበት አንድ ሰዓት ተፈቀደ። ዙልማ የራስ ቁር አድርጋ፣ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ከፊቷ ቀድሞ፣ በድጋፍ ብረቶቹ መሃል አልፋ ወጣች። የአባቷን ልብስ፣ ሰነድና ሁለት ብርድ ልብስ በከረጢት ሞልታ ስትወርድ፣ ከሦስተኛው ፎቅ የሚመጣ የመጎተት ድምፅ ሰማች። ዶኛ ኦፌሊያ የእግር ፔዳል ያለውን የብረት የልብስ ስፌት መኪናዋን ደረጃ በደረጃ ለብቻዋ እያወረደች ነበር። አብሯት የወጣው የእሳት አደጋ ሠራተኛ በሁለት እጁ ሳጥን ይዟል።

ዙልማ ከረጢቷን ደረጃው ጥግ አስቀምጣ ወጣችና መኪናውን በታችኛው ወገን ያዘች። ዶኛ ኦፌሊያ አየቻት። እጇን አልለቀቀችም፣ ሂጂም አላለቻትም።

«አልማርኩሽም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ከባድ ነው። በጉልበትሽ ያዢው እንጂ በወገብሽ አይደለም።»

ተያይዘው ወረዱ። መዞሪያው ላይ የመኪናው እግር ግድግዳውን ፋቀው።

«ቀስ!» አለች ዶኛ ኦፌሊያ። «ወደ ግራ... ወደ ግራ ነው ያልኩሽ፣ አንቺ ልጅ!»